ስለቆመ ማሽን ሒሳብ የጠየቀ መሐንዲስ፦ የሄንሪ ጋንት የሕይወት ታሪክ

የወረዳ ጽሕፈት ቤትም ሆነ የኅብረት ሥራ ዩኒየን ዓመታዊ ዕቅድ ሲያዘጋጅ በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ሠንጠረዥ ማያያዝ የተለመደ ነው። በግራ በኩል የሥራዎቹ ዝርዝር ይሰፍራል። ከላይ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ያሉት ወራት ይደረደራሉ። በመካከሉ ደግሞ እያንዳንዱ ሥራ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚከናወን የሚያመለክቱ መስመሮች ይሰመራሉ። ባለሙያዎች ይህን ሠንጠረዥ ጋንት ቻርት ይሉታል። ጋንት ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ያለፈ የአንድ መሐንዲስ ስም መሆኑን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ይህ ሰው ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ዕቅድ ለማሳመር አልነበረም። የእሱ ዓላማ አንድ ፋብሪካ ማምረት ከሚችለው ውስጥ ምን ያህሉን እያመረተ እንደሆነ በየዕለቱ ለመከታተል፣ ያልተመረተውም በምን ምክንያት እንዳልተመረተና ምክንያቱን ማን ማስወገድ እንዳለበት ለይቶ ለማሳየት ነበር። የዱቄት ፋብሪካ፣ የመኖ ማቀነባበሪያ፣ የዘይት መጭመቂያ ወይም የወተት ማቀነባበሪያ ላቋቋሙና ለማቋቋም ለሚያስቡ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የዚህ ሰው ሕይወትና ሥራ ብዙ ትምህርት ይሰጣል።

በጦርነት የደኸየ የገበሬ ቤተሰብ

ሄንሪ ሎረንስ ጋንት በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት፣ ካልቨርት በተባለ አውራጃ ግንቦት 20 ቀን 1861 እ.ኤ.አ. ተወለደ። ዘመኑ በአገራችን ዐፄ ቴዎድሮስ የነገሡበት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1853 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ቤተሰቡ ሰፊ መሬት የነበረውና በባሪያ ጉልበት የሚያርስ ባለጸጋ ቤተሰብ ነበር። ሕፃኑ በተወለደበት ዓመት የሰሜንና የደቡብ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተጀመረ። ጦርነቱ በ1865 እ.ኤ.አ. ሲያበቃ ባርነት ቀርቶ ነበር፤ በሌሎች ሰዎች ጉልበት ላይ የቆመው የጋንት ቤተሰብ ሀብትም አብሮ ፈረሰ። ሄንሪ ያደገው ካለፈው ሀብት ወሬ እንጂ ሀብቱ በሌለበት ቤት ውስጥ ነበር።

የትምህርት ዕድል ያገኘው በባልቲሞር ከተማ አቅራቢያ በ1873 እ.ኤ.አ. በተከፈተውና ማክዶኖ በተባለው ትምህርት ቤት ነው። ይህ ትምህርት ቤት አንድ ነጋዴ በተወው የኑዛዜ ገንዘብ ለድሆች ልጆች የተቋቋመ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ ከቀለም ትምህርት ጎን ለጎን በእርሻ ሥራ ይሰማሩ ነበር። ሄንሪ ማለዳ መነሣትን፣ መሣሪያን በንጽሕና መያዝንና የተሰጠን ሥራ በሰዓቱ ማድረስን የተማረው እዚያ ነው። በ1878 እ.ኤ.አ. ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ገባና በ1880 እ.ኤ.አ. በ19 ዓመቱ ተመረቀ።

ከተመረቀ በኋላ ወዳሳደገው ትምህርት ቤት ተመልሶ ለሦስት ዓመታት አስተማረ። ይህ የመምህርነት ሥራ በኋላ በፋብሪካ ውስጥ ለሠራተኛ የነበረውን አመለካከት ቀርጾታል። በ1884 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኒው ጀርሲ ከሚገኘው የስቲቨንስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በመካኒካል ምሕንድስና ዲግሪ ተቀበለ። በባልቲሞር በሚገኝ አንድ የማሽን ድርጅት በንድፍ ሠራተኛነት ተቀጠረ፤ ለጥቂት ጊዜም እንደገና አስተማረ።

ከቴይለር ጋር በብረታ ብረት ፋብሪካ

በ1887 እ.ኤ.አ.፣ አዲስ አበባ በተቆረቆረች ማግስት፣ ጋንት በፊላደልፊያ ከተማ በሚድቬል የብረታ ብረት ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በዚያ ፍሬድሪክ ቴይለር ከተባለ መሐንዲስ ጋር ተገናኘ። ቴይለር እያንዳንዱን የፋብሪካ ሥራ በሰዓት መለኪያ እየለካ፣ ሥራው ምን ያህል ጊዜ ሊወስድ እንደሚገባ በጥናት ለመወሰን የተነሣ ሰው ነበር። ከእሱ በፊት አንድ ማሽን በቀን ምን ያህል ሊያመርት እንደሚችል የሚታወቀው በልማድና በግምት ነበር። ፎርማኑ አንድ ቁጥር ይናገራል፣ ሠራተኛው ሌላ ይናገራል፣ ባለቤቱም በሁለቱ መካከል ይቆማል። ቴይለርና ጓደኞቹ ግምቱን በመለኪያ ለመተካት ጣሩ።

ጋንት ጎበዝ የሒሳብ ሰው ስለነበረ በዚህ ጥናት ብዙ ረዳ። እስከ 1893 እ.ኤ.አ. በሚድቬል ከሠራ በኋላ ወደ ሌሎች ድርጅቶች ተዘዋወረ። ቴይለር በ1898 እ.ኤ.አ. ወደ ቤተልሔም የብረታ ብረት ኩባንያ ሲሄድ ጋንትም ተከትሎት ሄደ፤ ሁለቱም በ1901 እ.ኤ.አ. ከኩባንያው ወጡ።

ሁለቱ ሰዎች ወዳጆች ቢሆኑም በአንድ ነገር ይለያዩ ነበር። ቴይለር ያወጣው የአከፋፈል ዘዴ የተመደበለትን ሥራ የጨረሰውን ሠራተኛ በከፍተኛ ተመን፣ ያልጨረሰውን ደግሞ በዝቅተኛ ተመን የሚከፍል ነበር። ስለዚህ ሥራው ያልተሳካለት ሰው ቅጣት ይደርስበታል። ጋንት ግን በቤተልሔም ሌላ ዘዴ ሥራ ላይ አዋለ። ሠራተኛው ሥራውን ቢጨርስም ባይጨርስም የቀን ደመወዙ አይነካም፤ የተመደበለትን ከጨረሰ ግን ተጨማሪ ጉርሻ ያገኛል። ፎርማኑም በሥሩ ካሉት ሠራተኞች ጉርሻ ባገኙት ልክ ጉርሻ ይሰጠው ነበር፤ ሁሉም ከተሳካላቸው ደግሞ ድርሻው ከፍ ይላል። በዚህ አሠራር ፎርማኑ ጎበዞቹን ብቻ ይዞ ደካማውን መተው አላዋጣውም። ደካማውን ማስተማር ለራሱም ጥቅም ሆነ። ጋንት ይህን ዘዴ በታኅሣሥ 1901 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር በጽሑፍ አቀረበ።

በእነዚያ ዓመታት የሥራ ጊዜን በሰዓት መለካት በአሜሪካ ሠራተኞች ዘንድ ብዙ ቅሬታ አስነሥቷል። በ1911 እ.ኤ.አ. ዋተርታውን በተባለው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ጉዳዩም እስከ አሜሪካ ኮንግረስ ደረሰ። ሠራተኞቹ የሚፈሩት መለኪያው እነሱን ብቻ ለማስጨነቅ እንዳይውል ነበር። ፍርሃታቸው መሠረት የሌለው አልነበረም። ጋንት ራሱ እያደር የደረሰበት መደምደሚያ፣ ማሽን የሚቆምበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የሠራተኛው ስንፍና ሳይሆን የአመራሩ ጉድለት ነው የሚል ሆነ። ስለዚህ መለኪያው ወደ ላይም፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወንበር እንዲመለከት ማድረግ ጀመረ።

ሠንጠረዡ እንዴት ተወለደ?

ጋንት ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማካሪ መሐንዲስነት ይሠራ ነበር። የባቡር መጎተቻ ፋብሪካዎች፣ የጨርቅ ማንጫና የጥጥ ፋብሪካዎች እየጠሩት አሠራራቸውን እንዲያስተካክል ይጠይቁት ነበር። በየሄደበት ያጋጠመው ችግር ተመሳሳይ ነበር። ባለቤቶቹ ያለፈው ዓመት ትርፍና ኪሳራቸውን ያውቃሉ፤ ትናንት ምን እንደተሠራና ዛሬ ምን እንደጎደለ ግን አያውቁም። የሒሳብ መዝገቡ የሚነግራቸው ነገር ሁሉ ጊዜው ያለፈበት ነበር።

በ1903 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሌላ ጽሑፍ የፋብሪካ ሥራ በየቀኑ ሚዛን ላይ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረበ። በአንድ በኩል በዚያ ቀን መሠራት የነበረበት፣ በሌላ በኩል የተሠራው ጎን ለጎን ይጻፋል። ለሠራተኞችም እንዲሁ በየቀኑ ሥራውን የጨረሰው በጥቁር፣ ያልጨረሰው በቀይ መስመር ይመለከት ነበር። ሠንጠረዡን የሚያይ ሰው ቀይ የበዛበትን ቦታ ወዲያው ይለያል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ለምን የሚለው ነው። ማስተማር ጎድሎ ነው? መሣሪያው አልተሳለም? ዕቃው ዘግይቶ መጣ?

በ1908 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሠራተኞችን ለትጋትና ለመተባበር ስለማልመድ አንድ ጽሑፍ አቀረበ። በጽሑፉ የገለጸው ሐሳብ፣ ሠራተኛን ከመንዳት ማስተማርና መምራት የተሻለ ውጤት ያመጣል የሚል ነው። በ1910 እ.ኤ.አ. ስለ ሥራ፣ ስለ ደመወዝና ስለ ትርፍ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ።

ጋንት ሠንጠረዡን እያሻሻለ ሄዶ በመጨረሻ ለማሽኖች የተለየ መዝገብ አወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ማሽን አንድ ረድፍ ይሰጠዋል። የሳምንቱ ቀናት እኩል ስፋት ባላቸው ዓምዶች ይከፈላሉ። ማሽኑ በዕለቱ በሠራበት ሰዓት ልክ ቀጭን መስመር ይሰመራል፤ ሙሉ ቀን ከሠራ መስመሩ ዓምዱን ይሞላል፤ ግማሽ ቀን ከሠራ እስከ ግማሹ ይደርሳል። ከሥሩ ደግሞ የሳምንቱ ድምር በወፍራም መስመር ይታያል። ባዶ በቀረው ቦታ ላይ ማሽኑ የቆመበት ምክንያት ይመዘገባል፦ ጥሬ ዕቃ አልነበረም፣ ኃይል ተቋረጠ፣ ማሽኑ ለጥገና ቆመ፣ ሠራተኛ ጎደለ፣ መሣሪያ አልነበረም፣ ወይም የገዢ ትእዛዝ ጠፋ።

የዚህ መዝገብ ጥቅም በአንድ ምሳሌ ቢታይ ግልጽ ይሆናል። አንድ የዱቄት ወፍጮ በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በጠቅላላው 48 ሰዓት መሥራት ይችላል እንበል። በሳምንቱ የሠራው ግን 20 ሰዓት ብቻ ነው። ይህም ከመቶ 42 ያህል መሆኑ ነው። ሪፖርቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጉባኤተኛው የሚያገኘው ትካዜ ብቻ ነው። መዝገቡ ግን ቀሪውን 28 ሰዓት ይተነትናል። 12 ሰዓት ስንዴ ሳይደርስ፣ 8 ሰዓት መብራት ጠፍቶ፣ 5 ሰዓት ቺንጋ ተበጥሶና መለዋወጫ እየተፈለገ፣ 3 ሰዓት ኦፕሬተሩ ስላልነበረ ወፍጮው ቆሟል። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ምክንያት ባለቤት አለው። የመጀመሪያው ለግዢ ክፍሉ፣ ሁለተኛው ለሥራ አስኪያጁ፣ ሦስተኛው ለጥገና ክፍሉ፣ አራተኛው ለአስተዳደሩ ይሰጣል። ማንም በማንም ላይ ጣት መቀሰር አያስፈልገውም፤ ወረቀቱ ይናገራል።

የቆመ ማሽን ወጪ የማን ነው?

የጋንት ትልቁ ሥራ ሠንጠረዡ ነው ቢባልም፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ከዚያ የሚበልጠው በ1915 እ.ኤ.አ. ለመሐንዲሶቹ ማኅበር ያቀረበው የሒሳብ ክርክር ነው። በዚያን ጊዜ የነበሩት የሒሳብ ባለሙያዎች የፋብሪካው ወጪ ሁሉ በተመረተው ምርት ላይ መከፈል አለበት ይሉ ነበር። ጋንት ይህን አልተቀበለም። አንድ ምርት መሸከም ያለበት እሱን ለማምረት በእርግጥ ያስፈለገውን ወጪ ብቻ ነው፤ ሳይሠራ የቆመ ማሽን ወጪ ግን የምርቱ ሳይሆን የድርጅቱ ኪሳራ ስለሆነ ለብቻው ይመዝገብ አለ።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ወፍጮ በቀን 100 ኩንታል ስንዴ መፍጨት ይችላል እንበል። የባንክ ወለድ፣ የጥበቃና የአስተዳደር ደመወዝ፣ የማሽን እርጅና ተቀናሽና የመሳሰለው ቋሚ ወጪ በቀን 10,000 ብር ነው። ወፍጮው በሙሉ አቅሙ ከሠራ ቋሚ ወጪው በኩንታል 100 ብር ይሆናል። በቀን 40 ኩንታል ብቻ ከፈጨ ግን ያው 10,000 ብር ለ40 ስለሚካፈል በኩንታል 250 ብር ይደርሳል።

በቀድሞው የሒሳብ ዘዴ ሥራ አስኪያጁ የዱቄቱ ወጪ በኩንታል 150 ብር ጨመረ ይላል። ጭማሪውን ለመሸፈን ሁለት መንገድ ብቻ ይታየዋል። አንደኛው ዱቄቱን ማስወደድ ነው፤ ያኔ ገዢ ይሸሻል፣ ወፍጮው የሚፈጨውም ከ40 ኩንታል በታች ይወርዳል፣ በኩንታል የሚደርሰው ወጪ ደግሞ ይብሳል። ሁለተኛው ለስንዴው የሚከፈለውን ዋጋ መቀነስ ነው፤ ያኔ አባል ገበሬው እህሉን ለነጋዴ ይሸጣል፣ ወፍጮውም ስንዴ ያጣል። ሁለቱም መንገዶች ችግሩን ያባብሱታል።

በጋንት ዘዴ ግን 40 ኩንታሉ በኩንታል 100 ብር፣ በጠቅላላው 4,000 ብር ብቻ ይሸከማል። ቀሪው 6,000 ብር የቆመ አቅም ወጪ ተብሎ በተለየ መደብ ይመዘገባል። ገንዘቡ በዚህ አመዘጋገብ ከኪስ መውጣቱን አያቆምም። ልዩነቱ እውነቱ መታየቱ ነው። የዱቄቱ ትክክለኛ ወጪ ይታወቃል፤ ለገበሬው የሚከፈለው ዋጋ በሌላ ሰው ጥፋት አይቀነስም፤ አመራሩም በየቀኑ 6,000 ብር የሚበላውን ቀዳዳ በስሙ ጠርቶ ለመድፈን ይገደዳል። ወጪው በዱቄቱ ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ቢቀር ኖሮ ማንም አይጠይቅበትም ነበር።

ከዚህ አንድ ተጨማሪ ትምህርት ይገኛል። ወፍጮው አልበቃንም፣ ሁለተኛ ወፍጮ ይገዛ የሚል ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤ ሲቀርብ፣ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የነባሩ ወፍጮ የሰዓት መዝገብ ነው። ከ48 ሰዓት 20 ብቻ የሠራ ወፍጮ ጎን ሌላ ማቆም የሚቆመውን ብረት ማብዛት ነው።

የጦርነቱ ዓመታት

አሜሪካ በሚያዝያ 1917 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት ስትቀላቀል ከፍተኛ የጦር መሣሪያና የመርከብ ፍላጎት በአንድ ጊዜ መጣ። መንግሥት ለብዙ ፋብሪካዎች ትእዛዝ ሰጠ። ገንዘቡ ተመደበ፣ ውሉ ተፈረመ፤ የትኛው ፋብሪካ ምን ያህል እንደሠራና የትኛው ወደኋላ እንደቀረ ግን በዋሽንግተን በአንድ ቦታ የሚታይበት መንገድ አልነበረም። ጋንት በፊላደልፊያ በፍራንክፎርድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ፣ በኋላም በጦር መሣሪያ መምሪያው ውስጥ ሠንጠረዡን ሥራ ላይ አዋለ።

በዚህ ወቅት የሠራው ማሻሻያ ሁሉንም ሥራ በጊዜ መለካት ነው። ጥይት በቁጥር፣ ባሩድ በክብደት፣ መርከብ በቶን ይለካል፤ እነዚህን ማነጻጸር አይቻልም። ሁሉም ግን ጊዜ ይፈጃሉ። በአንድ ወረቀት ላይ የወሩ ዕቅድና የወሩ ክንውን በተመሳሳይ የጊዜ መስመር ሲቀመጥ፣ ጥይቱ በሁለት ሳምንት እንደዘገየ፣ ባሩዱ በአንድ ሳምንት እንደቀደመ በዓይን ይታያል። ጥይት ያለ ባሩድ፣ ባሩድም ያለ ጥይት ስለማይጠቅም ከሁሉ የዘገየው ሥራ የሁሉንም ውጤት ይወስናል። አመራሩ ትኩረቱን መጣል ያለበት እዚያ ላይ ነው። ከዚያም ጋንት የመርከብ ግንባታን በሚመራው የመንግሥት ድርጅት ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቷል።

የመጨረሻ ዓመታትና ከሞት በኋላ

ጋንት በሕይወቱ መጨረሻ ላይ ከፋብሪካ ግድግዳ አልፎ ስለ ኅብረተሰብ ማሰብ ጀመረ። የአንድ ድርጅት የመኖር ምክንያት ለሕዝብ የሚሰጠው አገልግሎት እንጂ ለባለቤቱ የሚያስገኘው ትርፍ ብቻ እንዳልሆነ፣ ማኅበረሰቡን ያላገለገለ ድርጅትም ውሎ አድሮ በማኅበረሰቡ እንደሚጠየቅ ጻፈ። በ1916 እ.ኤ.አ. ይህን ሐሳብ ለማስፋፋት ከጥቂት ሰዎች ጋር አንድ ማኅበር አቋቁሞ የነበረ ቢሆንም ማኅበሩ ዕድሜው አጭር ሆኖ ቀረ። ኢንዱስትሪን መምራት ያለባቸው መሐንዲሶች ናቸው የሚለው አቋሙም በዘመኑ ብዙ ደጋፊ አላገኘም። ሥራን ስለማደራጀት የጻፈው የመጨረሻ መጽሐፉ በ1919 እ.ኤ.አ. ታተመ።

በዚያው ዓመት ኅዳር 23 ቀን 1919 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ጋንት በኒው ዮርክ ግዛት ፓይን አይላንድ በተባለ የእርሻ አካባቢ በ58 ዓመቱ ሞተ። በአገራችን አቆጣጠር ኅዳር 1912 ዓ.ም. ሲሆን ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ የነገሡበት ጊዜ ነበር።

ሥራው ግን ከእሱ ጋር አልተቀበረም። የሥራ ባልደረባው ዋላስ ክላርክ በ1922 እ.ኤ.አ. ስለ ሠንጠረዡ አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉም ወደ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች ተተረጎመ። ሠንጠረዡ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሳይቀር ገብቶ በአምስት ዓመት ዕቅዶች ክትትል ላይ ውሏል። በ1929 እ.ኤ.አ. በስሙ ሜዳልያ ተቋቁሞ የመጀመሪያው ለራሱ መታሰቢያ ተሰጠ። እዚህ ላይ ሳይነሣ የማይታለፍ ሰው ካሮል አዳሚየትስኪ የተባለው የፖላንድ መሐንዲስ ነው። እሱም ከጋንት ቀደም ብሎ በ1896 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ነበር፤ ሥራው በምዕራቡ ዓለም ቋንቋዎች ፈጥኖ ስላልታወቀ ስሙ ተሸፍኖ ቀረ።

የጋንት ሠንጠረዥም ሙሉ ዕድል አላጋጠመውም። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሣለው ጋንት ቻርት በአብዛኛው የዕቅዱን መስመር ብቻ የያዘ ነው። የተሠራውን የሚያሳየው መስመርና ያልተሠራበት ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ፣ ማለትም ጋንት ዋናዬ ያለው ግማሽ፣ በየቢሮው ተዘንግቷል።

ከለገጣፎ እስከ ሰበታ

አዲስ አበባን የከበቡት ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከመጠቃለላቸው በፊትም የእርሻና የፋብሪካ መገናኛ ነበሩ። ከአካባቢው ማሳ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ፣ ከሱሉልታ ሜዳ ወተትና ድርቆሽ ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል፤ በዋና ዋና መንገዶቹ ዳር ደግሞ ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ተተክለዋል። ገበሬው ምርቱን ጥሬውን ከመሸጥ ይልቅ አቀነባብሮ ቢሸጥ የተሻለ እንደሚያገኝ በመታመኑ፣ በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች ዩኒየኖች የራሳቸውን ወፍጮና የመኖ ማቀነባበሪያ እስከ መትከል ደርሰዋል።

ይሁንና ፋብሪካ መትከል አንድ ነገር ነው፣ ፋብሪካን ማሠራት ሌላ ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ታምርት የተባለው ንቅናቄ ሲጀመር ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ የአገሪቱ አምራች ፋብሪካዎች ካላቸው አቅም ግማሽ ያህሉን ብቻ የሚጠቀሙ መሆናቸው ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩትም ብክነትን በመቀነስ ምርታማነትን ለማሳደግ የተነሣ ነው። የፋብሪካዎቹ ችግር የታወቀ ነው፤ የጥሬ ዕቃና የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የመብራት መቆራረጥ፣ የመለዋወጫ መጥፋት፣ የገበያ መቀዝቀዝ። ችግሩን በጅምላ ማወቅ ግን መፍትሔ አይሆንም። በዚህ ወፍጮ፣ በዚህ ሳምንት፣ ስንት ሰዓት በየትኛው ምክንያት እንደባከነ ካልታወቀ፣ ሁሉም ነገር በመብራትና በምንዛሪ እየተመካኘ የቤት ውስጡ ጉድለት ይሸፈናል።

የወተት ማቀነባበሪያን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የወተት ገበያ እንደሚቀዘቅዝ የሚያውቀው ገበሬው ብቻ አይደለም፣ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ቀኑ ከዓመት በፊት በካሌንደር ላይ ተጽፎ ይገኛል። ማቀነባበሪያው ግን በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ አደጋ ከተቀበለው፣ ወተቱ ከአርሶ አደሩ ደጃፍ ይመለሳል። ማሽኑ የቆመበት ሰዓትና ምክንያት ለሁለት ዓመት እንኳ ቢመዘገብ፣ ትልቁን ዓመታዊ ጥገና በጾሙ ወቅት ማድረግ፣ ወተቱን ቆይታ ወዳለው ቅቤና አይብ መለወጥ፣ ከአባላት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይቻላል። መኖ ማቀነባበሪያውም ቢሆን ፉርሽካና ፋጉሎ የሚርቅበትን ወር ከመዝገቡ አይቶ በመኸር ወቅት ይሰንቃል።

ለዚህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በወፍጮው በር አጠገብ የሚለጠፍ አንድ ትልቅ ወረቀት፣ ማስመሪያና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ይበቃሉ። ፈረቃውን የሚረከበው ኦፕሬተር ማሽኑ የተነሣበትንና የቆመበትን ሰዓት ይጽፋል፤ ምክንያቱን ሳይደብቅ ይሞላል። የማሽኑ አቅም ተብሎ የሚያዘው በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ብቻ እንዳይሆን በጥሩ ሁኔታ ሲሠራ በሰዓት የሚፈጨው በሚዛን ተለክቶ ይታወቃል። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን በየሳምንቱ ያያል። የቁጥጥር ኮሚቴው በየሦስት ወሩ ይመረምራል። ኦዲተሩ የቆመ አቅም ወጪን ለብቻው ያሳያል። ኦፕሬተሩ እውነቱን በመጻፉ የሚቀጣ ከሆነ ግን መዝገቡ በአንድ ወር ውስጥ ውሸት ይሆናል።

ባለቤቱ አንድ ነጋዴ የሆነ ፋብሪካ ሲቆም የሚጎዳው አንድ ኪስ ነው። የኅብረት ሥራ ፋብሪካ ሲቆም ግን ዕጣ የገዛው፣ እህሉን ያስረከበውና የትርፍ ክፍፍል የሚጠብቀው አባል ሁሉ ይጎዳል። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ መሠረት የመጨረሻው ሥልጣን የጠቅላላ ጉባኤው ነው። ስለሆነም አባላት በዓመታዊ ጉባኤያቸው ምን ያህል አተረፍን ከሚለው ጥያቄ ጎን አንድ ሌላ ጥያቄ ሊያነሡ ይገባል፦ ማሽናችን ስንት ሰዓት ቆመ፣ ለምን ቆመ፣ የቆመበትንስ ማን ከፈለ? ሄንሪ ጋንት ዕድሜውን የፈጀው ይህ ጥያቄ በአንድ ወረቀት ላይ መልስ እንዲያገኝ ነበር።